ጂቢፍ ላይ ቱልትን ፍለጋ፦ የደረቁ ናሙናዎች መዝገብ ለሥራ ምን ያህል ይበቃል?

ቱልትን የማያውቅ ደገኛ የለም። ጨፌ ዳር፣ ምንጭ አጠገብ፣ ከብት በሚያድርበት ግቢ ጥግ፣ መሬቱ እርጥብና ፍግ የበዛበት ከሆነ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ይገኛል። ፍሬው ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ በትናንሽ መንጠቆዎቹ እንደ ጭጎጎት ልብስና የበግ ፀጉር ላይ ይያዛል። ሳይንሳዊ ስሙ ሩሜክስ ኔፓሌንሲስ ነው። ስሙ ከኔፓል ይምጣ እንጂ ተክሉ የሂማላያም የአፍሪካ ደጋም ነው። ከመቅመቆና ከእምቧጮ ጋር አንድ ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች ወገን) ይጋራል።

የዚህ ተክል የደረቁ ናሙናዎች ከ180 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከአገራችን ተሰብስበው በአዲስ አበባ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በፍሎረንስ፣ በኡፕሳላና በሌሎች ሄርባሪየሞች (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻዎች) ተበትነው ይገኛሉ። የተበተኑትን መዛግብት አንድ ቦታ አምጥቶ የሚያሳየው ነፃ አገልግሎት ጂቢፍ (GBIF) ነው። በ2001 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ነው። ስለ ረግረጋማ ቦታ፣ ስለ ባህል መድኃኒት ወይም ስለ አረም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ከሞላ ጎደል ሁሌም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፍርዱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ ናሙና የት እንዳለ ለመፈለግ ከ5 ሙሉ 5 ይገባዋል። የወረደውን ፋይል ሳይነኩ ካርታ ላይ ለመለጠፍ ግን ከ2 በላይ መስጠት ይከብዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ስለዚያ ሥራ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልን። ጂቢፍ ራሱ አንድም ናሙና የለውም። ናሙናው የሄርባሪየሙ ነው፣ መለያ ወረቀቱን አንብቦ ኮምፒውተር ላይ የጻፈውም ሄርባሪየሙ ነው። ጂቢፍ የሚሠራው መዛግብቱን መሰብሰብ፣ ስሙንና ቦታውን ከራሱ ዝርዝር ጋር ማመሳከር፣ የተጠራጠረውን ምልክት ማድረግ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ነጥብ (ካርታ ላይ በኬክሮስና በኬንትሮስ የተሰጠ ቦታ) ስታገኙ የምታሳርሙት በናሙናው ባለቤት በኩል ነው። በእያንዳንዱ መዝገብ ገጽ ላይ አስተያየት መስጫ አለ፤ የካታሎግ ቁጥሩን፣ ስህተቱንና ትክክል የምትሉትን በሦስት መስመር ጽፎ መላክ ይበቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ የአድዋው ሶሎዳ ተራራ የት እንደሆነ ከእኛ ሌላ ማን ሊነግራቸው ይችላል?

አፈላለግ

ለመፈለግ መመዝገብ አያስፈልግም። ፋይል ለማውረድ ግን በኢሜይል መለያ መክፈት ግድ ነው፤ ክፍያ የለውም። የመዛግብት መፈለጊያው ውስጥ ገብታችሁ ከግራ በኩል ካሉት ማጣሪያዎች ሦስቱን ሙሉ፦ ሳይንሳዊ ስም፣ አገር፣ የመዝገቡ ዓይነት። የመዝገቡ ዓይነት ላይ «የተጠበቀ ናሙና» የሚለውን ካልመረጣችሁ ሰዎች በስልክ ያነሷቸው ፎቶዎችና በዓይን የታዩ ምዝገባዎች ከሄርባሪየሙ ጋር ይደባለቃሉ። እነሱም ጥቅም አላቸው፤ ግን ተመልሶ የሚመረመር ተክል የላቸውም።

ስም ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የዝርያውን ስም ብቻ በመጻፍ ነው። ሩሜክስ የሚለውን ጂነስ በሙሉ አውርዱ። ምክንያቱ ይኸው። የድሮ የኢትዮጵያ ናሙናዎች ላይ የምታገኙት ስም ብዙ ጊዜ ሩሜክስ ስቱዴሊ ነው፤ ይህ ዛሬ ከሩሜክስ ኔፓሌንሲስ ጋር አንድ ተደርጎ የሚታይ ስም ነው። ጂቢፍ የስም ዝምድናውን ካወቀ ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣላችኋል፤ ስሙ በመለያው ላይ በተሳሳተ ፊደል ከተጻፈ ግን ከጂነሱ በታች መለየት ሊያቅተውና «ሩሜክስ» ብሎ ብቻ ሊያስቀምጠው ይችላል። ሰብሳቢው ራሱ ዝርያውን ሳይለይ የተወው ናሙናም እዚያው ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቱልት ሆኖ ሳለ በሌላ ዝርያ ስም የተቀመጠ፣ ሌላ ሆኖ ሳለ ቱልት የተባለ ይኖራል። እነዚህ ሁሉ ዝርያውን ብቻ ለፈለገ ሰው አይታዩም። ጂነሱን ማውረድ የሚጨምረው ፋይል ትንሽ ነው፤ ለቀጭን ኢንተርኔትም አያስቸግርም።

በአማርኛ ስም መፈለግ ላይ አትመኩ። «ቱልት» የሚለው ቃል መለያ ወረቀቱ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ግን የሚገኘው በማስታወሻ ሕዋስ ውስጥ ነው፣ አጻጻፉም እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለያያል። ፋይሉን ካወረዳችሁ በኋላ ማስታወሻውን መቃኘት ይሻላል።

አገር ላይ «ኢትዮጵያ» ብቻ ማለት አይበቃም። ከ1993 በፊት የተሰበሰበ የአስመራ ወይም የከረን ናሙና መለያው ላይ ኢትዮጵያ ወይም አቢሲኒያ ሊል ይችላል። አንዳንዱ ተቋም እንዳለ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ወደ ኤርትራ ያዞረዋል። ስለዚህ ሁለቱንም አገሮች ምረጡ። ከዚያ ሁለተኛ ፍለጋ አድርጉ፦ አገሩን ትታችሁ ካርታው ላይ ከኬክሮስ 3 እስከ 18፣ ከኬንትሮስ 33 እስከ 48 ሳጥን ሳሉ። የአገር ሕዋሱ ባዶ ወይም የተሳሳተ ሆኖ ነጥቡ ግን እኛ ጋ የወደቀውን ይህ ያወጣዋል፤ የሳጥኑን የጎረቤት አገር ናሙና በኋላ ታወጡታላችሁ። ነጥብ የሌለውን ደግሞ የመጀመሪያው ፍለጋ ይይዘዋል። «ነጥብ ያለው ብቻ» የሚለውን ማጣሪያ በዚህ ደረጃ አትንኩት፤ የድሮዎቹና ውድ የሆኑት ናሙናዎች አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የላቸውም።

ማውረድ

ሁለት ዋና የፋይል ዓይነቶች ይቀርቡላችኋል። ቀላሉ አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢ፣ ቁጥር፣ ነጥብ፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይዟል። ለቱልት ግን አይበቃም፤ ስለ በቀለበት ቦታ የተጻፈው መግለጫና የምስሉ አድራሻ እዚያ ውስጥ የለም። «ዳርዊን ኮር አርካይቭ» የሚባለውን ምረጡ። ዚፕ ሆኖ ይመጣል፤ ውስጡ ጂቢፍ ያስተካከለው ፋይል፣ ሄርባሪየሙ እንደላከው ያለው ፋይል እና የምስሎች ዝርዝር አለ። ሄርባሪየሙ እንደላከው ያለው ፋይል ትልቅ ጥቅም አለው። «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል፣ ሰብሳቢው የጻፈው የቦታ አጠራር፣ በጫማ የተሰጠ ከፍታ፣ እነዚህ ሳይነኩ የሚገኙት እዚያ ነው።

ፋይሉን በኤክሴል ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ መክፈት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ቀላሉ ፋይል ስሙ ሲኤስቪ ይላል እንጂ ዓምዶቹ የተለያዩት በታብ ነው። በተጨማሪም ኤክሴል የሰብሳቢ ቁጥር «12-5» ሲያይ ዲሴምበር 5 ያደርገዋል፤ አንዴ ከተቀየረና ከተቀመጠ የመጀመሪያው ቁጥር አይመለስም። መፍትሔው ባዶ ኤክሴል ከፍቶ «ዳታ» ከሚለው ክፍል ጽሑፍ ማስገቢያውን መጠቀም ነው፤ ፊደሉን ዩቲኤፍ-8፣ መለያውን ታብ፣ የካታሎግና የሰብሳቢ ቁጥር እንዲሁም የቀን ዓምዶችን «ጽሑፍ» ብሎ ማስገባት። ሊብሬ ኦፊስ ሲከፍት ራሱ ስለሚጠይቅ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። የቦታ ስም አጻጻፍን ለማቀራረብ ደግሞ ኦፕንሪፋይን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ተመሳሳይ ስሞችን ቡድን እያደረገ ስለሚያቀርብ የግማሽ ቀን ሥራ ይቆጥባል።

ለማውረዱ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ ቁጥር ይሰጣችኋል። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ መጠቀስ ያለበት እሱ ነው፤ «ከጂቢፍ የተወሰደ» ማለት ብቻውን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። ፋይሉን ግን ለራሳችሁ አስቀምጡ፤ ያልተጠቀሰ ፋይል ከስድስት ወር በኋላ ከሰርቨሩ ሊነሳ ይችላል።

አንድ ተክል፣ ብዙ መዝገብ

የመዝገብ ብዛት ቆጥሮ «ቱልት በዚህ አካባቢ በዝቷል» ማለት ትልቁ ስህተት ነው። ዕፅዋት ሰብሳቢ ከአንድ ቦታ በአንድ ቀን አምስት ስድስት ቅጂ ወስዶ ለተለያዩ ሄርባሪየሞች ያከፋፍላል። ሁሉም ለየብቻው ቁጥር ሰጥቶ ሲመዘግበው ጂቢፍ ላይ አንድ ስብስብ ስድስት መዝገብ ይሆናል።

የዚህ ዋና ምሳሌ ጀርመናዊው ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 አገራችን ገብቶ በ1878 አድዋ ውስጥ እስኪሞት ድረስ ትግራይንና ስሜንን ሲያካልል፣ በ1860ዎቹ ደግሞ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ሲሰበስብ ኖረ። የመጀመሪያ ዓመታቱን ናሙናዎች ያከፋፍል የነበረው ኤስሊንገን ከተማ የነበረ «ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ» የተባለ ማኅበር ነው፤ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ሆክሽቴተርና ስቱዴል ናቸው። ሩሜክስ ስቱዴሊ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አሁን ይገባችኋል። ማኅበሩ ናሙናዎቹን ቁጥር ሰጥቶ ለከፈለ ሁሉ በጥቅል ይልክ ስለነበር ያው አንድ የአድዋ ተክል በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይገኛል።

ስለዚህ ስትደምሩ ሰብሳቢ፣ የሰብሳቢ ቁጥርና ዓመት፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ተጠቀሙ። ሰብሳቢና ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ሺምፐር በኋለኞቹ ጉዞዎቹ ቁጥሩን እንደገና ከታች ስለጀመረ የ1840 አካባቢው ቁጥርና የ1863ቱ ቁጥር ቢመሳሰሉም የተለያዩ ተክሎች ናቸው። ዓመቱም ወጥመድ አለው፤ በማኅበሩ የታተመው መለያ ላይ የሚታየው ዓመት ናሙናው የተከፋፈለበት ሊሆን ይችላል፣ የተሰበሰበበት አይደለም። ወርና ቀን ከነዓመቱ ካለ እሱን እመኑ። የሰብሳቢው ስም ደግሞ በአንዱ «ሺምፐር»፣ በሌላው ከነመጀመሪያ ፊደላቱ፣ በሦስተኛው «ሺምፐር፣ ጂ.» ተብሎ ስለሚጻፍ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል፤ አስቀድማችሁ አንድ አድርጉት።

ጂቢፍ ተዛማጅ መዛግብትን ራሱ ለይቶ የሚያሳይበት መንገድ አለው፤ በመዝገቡ ገጽ ላይ ይታያል፣ እንደ ማጣሪያም ይሠራል። ሰብሳቢ፣ ቀንና ቦታ በደንብ ለተጻፈላቸው ዘመናዊ ናሙናዎች ጥሩ ነው። መረጃቸው ለጎደለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናሙናዎች ግን ብዙውን ይስታል፤ በእጅ ማጣመር የግድ ነው።

ይህ መደጋገም ጉዳት ብቻ የለበትም። የበርሊኑ ሄርባሪየም በማርች 1943 በአየር ድብደባ ሲቃጠል አብዛኛው ስብስብ ጠፍቷል። ዛሬ ያንን ተክል ማየት የሚቻለው ፓሪስ ወይም ሌላ ቦታ የተላከው ቅጂ ስለተረፈ ነው። ስለዚህ ድግግሞሹን ስትቀንሱ መስመሩን አትሰርዙ፤ የቡድን ቁጥር ስጡትና ለቆጠራ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ከስድስቱ ቅጂዎች ፍሬ ያለው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ነጥቡ የት ወደቀ?

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ ስለ ጨፌ የሚጻፍ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

በጣም የተለመዱት ስህተቶች መልክ አላቸው። አዲስ አበባን እንውሰድ፤ ኬክሮስ 9.03 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 38.75 ምሥራቅ። ሁለቱ ከተቀያየሩ ነጥቡ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት ጥቂት ወደ ደቡብ ይወድቃል። ኬንትሮሱ ላይ የመቀነስ ምልክት ከገባ አትላንቲክ መሐል ነው። እነዚህ ሁለቱ በዓይን ይታያሉ፣ ጂቢፍም አገሩና ነጥቡ እንዳልተስማሙ ምልክት ያደርግባቸዋል። ኬክሮሱ ላይ የመቀነስ ምልክት ከገባ ግን ነጥቡ ደቡብ ታንዛኒያ የብስ ላይ ይሆናል፤ የአገር ሕዋሱ ባዶ ከሆነ ማንም አይነቃም።

ከሁሉ የከፋው ደቂቃን እንደ አስርዮሽ መጻፍ ነው። ጎንደር ከተማ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። ደቂቃው ለ60 ሲካፈል 12.60 እና 37.47 ይሆናል። አንድ ሰው ደቂቃውን እንዳለ ከነጥብ በኋላ ጽፎ 12.36 እና 37.28 ካለ፣ ነጥቡ ወደ 33 ኪሎ ሜትር ተንሸራቶ ደምቢያ ሜዳ ላይ ያርፋል። ደምቢያ ደግሞ በክረምት ውሃ የሚተኛበት የጣና ዳር ሜዳ ነው። ማለትም ስህተቱ ናሙናውን ከከተማ አንስቶ ለቱልት ተስማሚ በሚመስል ረግረግ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ካርታውም ያማረ ይሆናል። አገሩ ትክክል ስለሆነ ምንም ምልክት አይወጣም። የሚያጋልጠው የቦታውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ ከአንድ ተቋም የመጡ ነጥቦች በሙሉ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥራቸው ከ59 ካልበለጠ ደቂቃ መሆኑን ጠርጥሩ።

የነጥብ ትክክለኛነት የሚለካበት ሕዋስ በሜትር ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ ከአስርዮሽ ብዛት ገምቱ፦ አንድ አሐዝ ብቻ ካለ 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለት ካለ 1.1 ኪሎ ሜትር፣ በደቂቃ ከተሰጠ 1.9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 200 ሜትር ስፋት ያለውን ጨፌ በእንዲህ ያለ ነጥብ «ውስጡ ነው» ወይም «ውጭ ነው» ማለት አይቻልም። ልክ 8.0 እና 38.0 ላይ ያለ ነጥብ ካያችሁ ደግሞ ቦታው ያልታወቀለት ናሙና የአገሪቱ መሐል ላይ የተቀመጠ ነው፤ ጂቢፍ ከአገር መሐል ያለውን ርቀት እንደ ማጣሪያ ይሰጣል፣ ተጠቀሙበት። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለሚሠሩ «ኮርዲኔት ክሊነር» የሚባለው ጥቅል ይህንና የከተማ መሐል ነጥቦችን ይለያል፤ የደምቢያውን ዓይነት ስህተት ግን የሚጠረጥረው በመላው የመረጃ ስብስብ ደረጃ እንጂ በአንድ ነጠላ ነጥብ ላይ አይደለም።

የቦታ ስም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሸዋን ጀርመኑ በኤስ-ሲ-ኤች፣ ፈረንሳዩ በሲ-ኤች፣ ጣሊያኑ በኤስ-ሲ-አይ፣ እንግሊዙ በኤስ-ኤች ይጀምረዋል። አድዋ «አዶዋ»፣ ሶሎዳ ተራራ «ሾሎዳ» ሆኖ ይመጣል። ጮክ ብላችሁ በጀርመንኛ ወይም በጣሊያንኛ ድምፅ አንብቡት፤ ጆሮ ከዓይን ይልቅ ቶሎ ይለየዋል። ክፍለ ሀገርም እንዲሁ ነው፤ ከፋ፣ ሲዳሞ፣ ወሎ፣ ሐረርጌ የሚሉት የድሮ ወሰኖች ከዛሬው ክልልና ዞን ጋር አይገጥሙም። የድሮውን ስም በራሱ ዓምድ ጠብቁት፣ አዲሱን ከነጥቡ አውጡት።

ከፍታ ጥሩ መመስከሪያ ነው። መለያው ያለውን ከፍታ ነጥቡ ላይ ካለው የመሬት ከፍታ ጋር አወዳድሩ፤ ከ300 ሜትር በላይ ከተለያዩ ነጥቡን ወይም መለኪያውን መርምሩ። 8,000 ጫማ 2,438 ሜትር ነው፤ በድሮው የፈረንሳይ ጫማ ከሆነ ግን ወደ 2,600 ይጠጋል። ጫማው ሳይለወጥ «8,000 ሜትር» ተብሎ የገባ ካጋጠማችሁ ከራስ ደጀን ጋር ማወዳደር ይበቃል። ምልክት ይወጣበታል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ቀን

«ጃንዋሪ 1» በብዛት ካያችሁ ዓመቱ ብቻ የታወቀ ናሙና ነው፤ ስለ አበባና ፍሬ ወቅት ለሚሠራ ሰው መውጣት አለበት። በአገር ውስጥ በተሰበሰቡት ላይ የዘመን አቆጣጠሩን አረጋግጡ። ጥቅምት 12 ቀን 1995 ማለት ኦክቶበር 22፣ 2002 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል።

ምስሉን ሳያዩ ማመን አይገባም

ሩሜክስ የሚለየው በበሰለ ፍሬው ነው። ፍሬውን ከበው የሚያድጉት ሦስት ክንፍ መሰል ቅጠሎች ቱልት ላይ ጠርዛቸው ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጥርስ አለው። የመቅመቆ፣ የሩሜክስ አቢሲኒከስ፣ ክንፎች ጥርስ የላቸውም፣ ቅጠሉም ከሥሩ እንደ ጦር ጎንና ጎን ይወጣል፣ ቁመቱም ከሰው ሊበልጥ ይችላል። እምቧጮ፣ ሩሜክስ ነርቮሰስ፣ ግንዱ እንጨት የሚሆን ቁጥቋጦ ስለሆነ ከቱልት ጋር የሚምታታው የደረቀ ቅርንጫፍ ጫፍ ብቻ ሲሆን ነው። አስቸጋሪው ሩሜክስ ቤኳርቲ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ዝርያ ነው፤ እሱንና ቱልትን በቅጠል ብቻ መለየት አይሞከርም።

ምስል ያለውን ለማየት «ምስል» የሚለውን ማጣሪያ ምረጡና በሥዕል ማሳያው ተራ በተራ እለፉ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የበሰለ ፍሬ አለ? ከሥር የሚወጣው ትልቁ ቅጠል ተይዟል? ዝርያውን በኋላ የወሰነ ባለሙያ ትንሽ ወረቀት ለጥፏል? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ጂቢፍ ላይ ያለው ስም የድሮው ሆኖ ወረቀቱ ላይ አዲስ ውሳኔ የተለጠፈበት ናሙና ይኖራል።

የምስሉ ጥራት ወሳኝ ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) አንድ ሚሊ ሜትር 12 ፒክስል ያህል ስለሆነ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የፍሬ ክንፍ 47 ፒክስል ብቻ ነው፤ ጥርስ እንዳለ ይታያል፣ መንጠቆ ይሁን ቀጥ ያለ ግን ያጠራጥራል። በ600 ዲፒአይ እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ ይለያል። ጂቢፍ የሚያሳየው ትንሹን ቅጂ ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ሄርባሪየሙ ገጽ አልፋችሁ ሙሉውን ምስል ክፈቱ። ለመለካት ወረቀቱ ላይ ያለውን ማስመሪያ ኢሜጅጄ በሚባለው የምስል መለኪያ ፕሮግራም መነሻ አድርጉ።

ስለ በቀለበት ቦታ

መለያው ላይ «ረግረግ»፣ «ወንዝ ዳር»፣ «እርጥብ ግጦሽ» የሚል ከተጻፈ ያ ከማንኛውም ነጥብ የበለጠ ማስረጃ ነው። ካልተጻፈ ከሳተላይት ካርታ ላይ መገመት አደገኛ ነው፤ ቱልት ከጨፌው 500 ሜትር ርቆ በረት ጀርባም ይበቅላልና። የነጥቦቹ ካርታም የመንገድ ካርታ ይመስላል፤ ሰብሳቢ መኪና በሚያስኬደው መንገድ ዳር ይቆማል። ነጥብ የሌለበት ወረዳ ቱልት የለውም ማለት ሳይሆን ማንም አልቆመበትም፣ ወይም የተሰበሰበው ገና ኮምፒውተር ላይ አልገባም ማለት ነው።

ሌሎች አማራጮችና አራት ኪሎ

የፓሪሱ ሙዚየም ምስሎች ነፃና ብዙ ናቸው፤ ለሺምፐር ቅጂዎች መጀመሪያ እዚያ መሄድ ያዋጣል። ጄስቶር ግሎባል ፕላንትስ የሚባለው የናሙና ምስሎች ድረ ገጽ ላይ ለዝርያ ስም መነሻ የሆኑ ናሙናዎች በ600 ዲፒአይ ተነስተዋል፤ ሩሜክስ ስቱዴሊን ለመረዳት ከዚያ የተሻለ የለም፣ ግን ሙሉውን ለማየት ተቋማዊ ደንበኝነት ይጠይቃል፤ የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። በጣሊያን ዘመን የተሰበሰበውን የሚፈልግ የፍሎረንሱን የሐሩር አገር ሄርባሪየም ይመልከት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አራት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። በ1959 የተመሠረተ ሲሆን በዓለም የሄርባሪየም ዝርዝር ኮዱ ኢ-ቲ-ኤች ነው። የተክሉን ፍሬ በአጉሊ መነጽር ለማየት የሚቻለው እዚያ ነው። ባዶ እጅ አትሂዱ። ከጂቢፍ ያጸዳችሁትን ዝርዝር በሰብሳቢና በቁጥር አስተካክላችሁ አትሙ፤ የአገር ውስጥ ቅጂ ይኖራቸዋል የምትሏቸውን ለዩ። 10 ጊዜና 20 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ሚሊ ሜትር ማስመሪያ፣ እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ ናሙና አጠገብ አያስፈልግም። ወረቀቱን በሁለት እጅ አግድም አንሱ፣ አትገልብጡት፤ ቱልት ፍሬው ቶሎ ይረግፋል። የረገፈ ፍሬ ካያችሁ ወረቀቱ ላይ በተለጠፈው ትንሽ ፖስታ ውስጥ እንዲገባ ለሠራተኛው ንገሩ፤ ፖስታውም ሳይከፈት አይታለፍ፣ ምስሉ ላይ ያልታየው መንጠቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።